ደርሶ መልስ የረሳ ሊግ፣ ደርሶ መልስ የሚጠይቅ ዋንጫ

መጋቢት ነበር፣ 2018። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን፣ ወሮቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ወላይታ ድቻ ካይሮ ላይ ከዛማሌክ ጋር ይጫወታል። ሐዋሳ ላይ 2ለ1 አሸንፎ ነው የሄደው። ካይሮ ላይ ደግሞ 2ለ1 ተሸነፈ። ድምሩ 3ለ3 ሆነ። ድምር ሲተካከል የሚያሳልፈው፣ ከሜዳ ውጭ የተቆጠረው ግብም እኩል ነው። የቀረው መለያ ምት ብቻ።

እኔ ያን ቀን አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ጨዋታውን የምናየው በአንድ ልጅ ስልክ ነው። ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎታል። ምስሉ ይሄዳል፣ ይቆማል። ሰባት ስምንት ሰው አንገቱን አስግጎ ያያል። ባለቤትየዋ ሳይቀሩ ሲኒውን ይዘው ቆመዋል። አንዱ ሊመታ ሲንደረደር ምስሉ ቀጥ አለ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ምስሉ ሲመለስ የድቻ ልጆች ሜዳውን እያቋረጡ ይሮጣሉ። በመለያ ምት 4ለ3! ሻይ የተደፋበት ሰው ነበር፣ ግን ግድ አላለውም።

ዛማሌክ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን አምስት ጊዜ የበላ ክለብ ነው። ድቻ ደግሞ ከሶዶ የተነሳ፣ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ አሸንፎ ኮንፌዴሬሽን ካፕ (የአፍሪካ ሁለተኛው የክለቦች ውድድር) የገባ ቡድን ነበር። ቀጥሎ የታንዛኒያው ያንጋ ደረሰው። ዳሬሰላም ላይ 2ለ0 ተሸነፈ። ሐዋሳ ላይ 1ለ0 አሸነፈ። በአንድ ግብ ልዩነት ወደቀ፣ ያንጋ ወደ ምድብ ጨዋታ ገባ።

አሁን ስድስት ዓመት ወደፊት እንሂድ። 2024፣ መስከረም። የሊጉ ሻምፒዮን ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዩጋንዳውን ኤስሲ ቪላ ጥሎ በሻምፒዮንስ ሊጉ ሁለተኛ ማጣሪያ ያንኑ ያንጋን አገኘ። አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ 1ለ0 ተሸነፈ። ዛንዚባር ላይ 6ለ0። ድምር 7ለ0።

በያንጋ፣ በ2018 ድምር 2ለ1፣ በ2024 ድምር 7ለ0። ይቺ ልዩነት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣችም። በስድስት ዓመት ውስጥ ምን ሆንን?

የተለመደው መልስ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። «ተጫዋች የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ኳሳችን ሞቷል።» የገንዘቡ ነገር እውነት አለው፣ እመለስበታለሁ። ግን ሁሉንም ነገር በዚህ መዝጋት ልክ አይመስለኝም። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሦስት ነገር ተቀይሯል። ሦስቱም ከተጫዋች ችሎታ ጋር አይገናኙም።

መጀመሪያ የጊዜ ሰሌዳው። ድሮ የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የክለቦች ውድድር የሚጀመረው በየካቲት አካባቢ ነበር። የካቲት ማለት ለእኛ የሊጉ አጋማሽ ነው። ተጫዋቹ ሞቋል፣ አሰልጣኙ ቋሚ አሰላለፉን አውቋል፣ ቡድኑ ተዋህዷል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2013 የኮንፌዴሬሽን ካፕ ምድብ የገባው በዚህ ሰሌዳ ነው። ያኔ በሻምፒዮንስ ሊጉ ከዛማሌክ ጋር ድምር 3ለ3 ወጥቶ፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ግብ ነበር የተሸነፈው። ከዚያ ወደ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ወርዶ ሌላውን የግብፅ ክለብ ኤንፒን ጣለ። ምድቡ ውስጥ ኤትዋል ዱ ሳህል፣ ሲኤስ ስፋክሲያንና ስታድ ማሊያን ነበሩ። በ2017 ደግሞ የኮንጎውን ኤሲ ሊዮፓርድስ በሁለቱም ጨዋታ አሸንፎ የሻምፒዮንስ ሊጉ ምድብ ገባ። ከማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ከኤስፔራንስና ከቪታ ክለብ ጋር። የድቻም ታሪክ በዚሁ ሰሌዳ የተጻፈ ነው።

ካፍ በ2017 ሰሌዳውን ለመቀየር ወሰነ። ውድድሩ እንደ አውሮፓ ከነሐሴ እስከ ግንቦት እንዲሆን ተደረገ። ከአንድ የሽግግር ዓመት በኋላ፣ ከ2019 ጀምሮ ቅድመ ማጣሪያው ብዙ ጊዜ ነሐሴና መስከረም ላይ ሆነ። ነሐሴ ለእኛ ምንድን ነው? ክረምት ነው። ዝናብ ነው። ሊጉ አልቋል፣ አዲሱ አልተጀመረም። ዝውውሩ ጦፏል። ሻምፒዮን ያደረጉህ ልጆች ግማሾቹ ኮንትራታቸው አልቆ ሌላ ክለብ ፈርመዋል። አዲሶቹ ገና ስም እየተዋወቁ ነው። በዚህ ቡድን ነው እንግዲህ የዓመቱን ትልቁን ጨዋታ የምትጫወተው። ከዚያ ለውጥ ወዲህ አንድም የኢትዮጵያ የወንዶች ክለብ የምድብ ጨዋታ አላየም።

ሰሌዳው ለሁሉም ነው የተቀየረው የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው። ግን ታንዛኒያዎች ኑሯቸውን ከሰሌዳው ጋር አስተካከሉ። ብዙ ጊዜ ነሐሴ መግቢያ ላይ ሲምባ «ሲምባ ዴይ» የሚለውን በዓሉን ያከብራል። አዲሶቹን ተጫዋቾች ለደጋፊ ያስተዋውቃል፣ ከውጭ ክለብ ጋር ይጫወታል። 60 ሺህ ሰው የሚይዘው የቤንጃሚን ምካፓ ስታዲየም ይሞላል። ያንጋም የራሱን ሳምንት ያከብራል። ከዚያ የማኅበረሰብ ጋሻው ዋንጫ አለ፣ እዚያም እርስ በርስ ይገናኛሉ። ማጣሪያው ሲደርስ እግራቸው ሞቋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ሊጋችን ደርሶ መልስ መጫወት አቁሟል።

ከ2020/21 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ነው የሚካሄደው። ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ይሰበሰባሉ፣ ሆቴል ይይዛሉ፣ የተወሰኑ ሳምንታት ጨዋታዎችን እዚያው ይጨርሳሉ። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። የተጀመረበት ምክንያት ነበረው። ኮሮና ነበር። ዲኤስቲቪ ጨዋታዎቹን በቀጥታ ማስተላለፍ ሲጀምር ካሜራውን አንድ ቦታ ማቆም ይቀል ነበር። በደጋፊዎች መካከል ይፈጠር የነበረው ግጭትና የመንገዱ ስጋትም ነበር። ይህን ሁሉ አልክድም። ጨዋታዎቹ በሰላም ተካሂደዋል፣ ኳሳችንም በቴሌቪዥን ታይቷል።

ግን የከፈልነውን ዋጋ እንይ። የአንድ ክለብ ተጫዋች «ሜዳዬ» የሚለው ነገር ጠፋበት። የወላይታ ልጅ ሶዶ ላይ፣ የጎንደር ልጅ ጎንደር ላይ አይጫወትም። ባዶ መቀመጫ ፊት ነው ብዙውን ጊዜ የሚጫወተው። ሰው ሜዳ ገብቶ ሲጮህለት ምን እንደሚሰማው፣ ሲጮህበትም እንዴት ጆሮውን እንደሚደፍን አይለማመድም። ከሁሉም በላይ የደርሶ መልስን ሂሳብ አያውቀውም።

ይህ ሂሳብ ቀልድ አይደለም። አውሮፓ ከሜዳ ውጭ የተቆጠረ ግብን ከ2021 ጀምሮ ሰርዞታል። ካፍ ግን ይዞታል። ድምር ውጤት እኩል ከሆነ ከሜዳው ውጭ ብዙ ያገባ ያልፋል። ስለዚህ በሜዳህ 2ለ1 ማሸነፍ ከ1ለ0 ያንሳል። ለሊግ ነጥብ የለመደ ሰው ይህ ነገር ግር ይለዋል። በ2021 ፋሲል ከነማ ባህር ዳር ላይ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር 2ለ2 ወጣ። ኦምዱርማን ሄዶ 1ለ1 ወጣ። አልተሸነፈም፣ ግን ወደቀ። በዓመቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ በተራው አል ሂላልን ባህር ዳር ላይ 2ለ1 አሸነፈ። ከተማው በደስታ አበደ። ኦምዱርማን ላይ 1ለ0 ተሸነፈና ወጣ። ያቺ ባህር ዳር ላይ የገባችበት አንዲት ግብ ናት የጣለችው።

እስቲ አስቡት። በሁለት ዓመት ሁለት ክለብ በአንድ ተጋጣሚ፣ በአንድ ዓይነት ሕግ ወጣ። ያንን የ2013ቱን የዛማሌክ ጨዋታ ስንጨምርበት ሦስት ይሆናል። በሜዳህ እየመራህ ሰማንያ ደቂቃ ሲሞላ ምን ታደርጋለህ? ሌላ ግብ ትፈልጋለህ ወይስ በርህን ትዘጋለህ? ኳሷን ማዕዘን ላይ ወስደህ ትይዛለህ? ተከላካይ ታስገባለህ? ይህን አሰልጣኝ በሰሌዳ ላይ ስለሳለ አይገባህም። በየሳምንቱ ወጥተህ ተመልሰህ፣ ተሸንፈህበት፣ ተሰድበህበት ነው የምትማረው። ልጆቻችን ይህን ትምህርት የሚያገኙት በዓመት አንዴ፣ ያውም በማጣሪያው ቀን ነው።

ሦስተኛው ሜዳው ራሱ ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለዕድሳት ከተዘጋ ቆይቷል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ፣ እነዚህን የመቀመጫ ስሞች ሳያውቅ ያደገ የኳስ አፍቃሪ እየመጣ ነው። የዚያን ስታዲየም ጩኸት የሰማ ሰው ምን እንዳጣን ያውቃል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከባሕር ዳርቻ የመጣ ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ ትንፋሹ ያጥረዋል። ብሔራዊ ቡድናችንም በካፍ መስፈርት ምክንያት ቤት አልባ ሆኖ ጋናን ጆሃንስበርግ ላይ አስተናግዷል። ግብፅን 2ለ0 ያሸነፈበት ያ ጣፋጭ ጨዋታም የተካሄደው ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ነው። የክለቦች ማጣሪያ መስፈርቱ ትንሽ ላላ ስለሚል ባህር ዳርና አበበ ቢቂላ አገልግለዋል። ግን አንድ ክለብ ምድብ ቢገባ የት እንደሚጫወት እንኳ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም። ከ60 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል የተባለው አደይ አበባ ስታዲየም ከተጀመረ አስር ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ካፍ በ2022/23 ለሻምፒዮንስ ሊጉ አሸናፊ 4 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኮንፌዴሬሽን ካፑ 2 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። ለእኛ ግን የሚበልጠው የታችኛው ቁጥር ነው። የሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ገብቶ ሩብ ፍጻሜ ሳይደርስ የወጣ ክለብ እንኳ 700 ሺህ ዶላር ያገኛል። በኮንፌዴሬሽን ካፕ 400 ሺህ። በማጣሪያው ለሚሳተፉ ክለቦች የጉዞ ድጎማም ተጀምሯል። መጀመሪያ 50 ሺህ ዶላር ነበር፣ በኋላ በእጥፍ አድጓል። በከተማ አስተዳደር በጀትና በድርጅት ድጎማ ለሚኖር ክለብ ይህ ብር ከባድ ነው። ማለፍ ማለት የሚቀጥለውን ዓመት ቡድን ሳይበትኑ ማቆየት ማለት ነው። ታንዛኒያዎች በዚህ መንገድ ነው የወጡት። አንድ ዓመት አለፉ፣ ገንዘቡን አገኙ፣ ተጫዋች አቆዩ፣ እንደገና አለፉ። የሀገራቸው ደረጃ ከአፍሪካ ምርጥ 12 ውስጥ ገባ። ስለዚህ አሁን በሁለቱ ውድድሮች አራት ክለብ ያሰልፋሉ። እኛ ሁለት። ያንጋ በ2023፣ ሲምባ በ2025 የኮንፌዴሬሽን ካፕ ፍጻሜ ደረሱ። ሁለቱም ዋንጫውን አላነሱም፣ ግን ደረሱ።

ድሮ እኮ ይህ ውድድር ለእኛ ባዳ አልነበረም። የአፍሪካ ክለቦች ዋንጫ ገና ሲጀመር፣ በ1965 አክራ ላይ ከተሰበሰቡት የመጨረሻ አራት ክለቦች አንዱ የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ኮተን ነበር። የፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን! ዋንጫውን የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደ። እኔ ይህን የማነሳው በትዝታ ለመቆዘም አይደለም። «አፍሪካ ለእኛ አይሆንም» የሚለው ነገር ልክ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

አሁን አንድ ነገር ከላይ ያልኩትን ይፈታተነዋል። የንግድ ባንክ ሴቶች። በ2024 ነሐሴ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሴቶች ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። የባንክ ልጆች አበበ ቢቂላ ላይ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ በፍጻሜ አሸንፈው ሞሮኮ ለተዘጋጀው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ አለፉ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በፊት በ2021 እና በ2023 በፍጻሜ ተሸንፈው ተመልሰዋል። በ2023ቱ የጣላቸው መለያ ምት ነበር። ተስፋ አልቆረጡም፣ ለሦስተኛ ጊዜ ፍጻሜ ደርሰው ወሰዱት።

ነሐሴ ነው ይህም። ታዲያ ነሐሴ እንዴት ለእነሱ አልከበደም? ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ቡድኑ አልተበተነም። አብረው ዓመታት የቆዩ ልጆች ናቸው። ሁለተኛ፣ የሴቶቹ ማጣሪያ አንድ ከተማ ተሰብስቦ የሚካሄድ ውድድር ነው። ልጆቹ የለመዱትን ዓይነት። በዚያ ላይ በቤታቸው፣ በሕዝባቸው ፊት። ስለዚህ ክረምቱ ብቻውን ሰበብ አይሆንም። የተዘጋጀና አብሮ የቆየ ቡድን ክረምቱንም ያልፋል።

ወንዶቹም ጋ ጭላንጭል አለ። በ2023 ባህር ዳር ከተማ የታንዛኒያውን አዛምን የሚያህል ክለብ በመለያ ምት ጥሏል። በ2025 ደግሞ ኢትዮጵያ መድን የአፍሪካ ሻምፒዮኑን፣ የግብፁን ፒራሚድስን አዲስ አበባ ላይ 1ለ1 ይዞት ነበር። ካይሮ ላይ 2ለ0 ተሸነፈ። ያን የመጀመሪያ ጨዋታ ያየ ሰው ልጆቹ ኳስ አይችሉም ሊል አይችልም።

ምን ይደረግ? እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሊጉ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወደ ደርሶ መልስ ባይመለስ፣ ቢያንስ የጥሎ ማለፉ ዋንጫ በደርሶ መልስ ይሁን። ሜዳቸው መስፈርት የሚያሟላ ክለቦች ከተማቸው ላይ ይጫወቱ። በአፍሪካ የሚወክሉን ሁለቱ ክለቦች ደግሞ ከሌሎቹ በፊት ይሰብሰቡ። የካጋሜ ዋንጫ፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ክለቦች ውድድር፣ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በክረምት ነው። የ2024ቱ ሐምሌ ላይ ዳሬሰላም ተካሂዷል፣ የዛምቢያው ሬድ አሮውስ በእንግድነት መጥቶ ዋንጫውን ይዞ ሄዷል። ዛምቢያ የቀጣናው አባል እንኳ አይደለችም። ለዝግጅት ሳይጠቅማቸው አልቀረም። የእኛ ተወካዮች ይህን ውድድር እንደ ተጨማሪ ወጪ ሳይሆን እንደ ማሟሟቂያ ቢያዩት ደስ ይለኛል። የሻምፒዮኑ ተጫዋቾች ኮንትራት ደግሞ ማጣሪያው ሳይደርስ በሰኔ የሚያልቅ ከሆነ፣ ዋንጫ ማንሳቱ ለአፍሪካ ምን ይጠቅማል? ክለቦቹ ይህን ሲፈርሙ ሊያስቡበት ይገባል።

አል ሂላልን አስታወሳችሁት? ፋሲልንም ጊዮርጊስንም የጣለውን። በ2023 ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ሊጉ ቆመ። ኦምዱርማን ላይ መጫወት ቀረ። ክለቡ ግን ቁጭ ብሎ ማጣሪያ አልጠበቀም። ከዘመዱና ከባላንጣው አል ሜሪክ ጋር አህጉሩን አቋርጦ ሞሪታኒያ ገባ። በ2024/25 የሞሪታኒያ ሊግ ውስጥ ገብቶ በየሳምንቱ ተጫወተ። የአፍሪካ ጨዋታዎቹንም ኑዋክሾት ላይ አስተናገደ። በዚያው ዓመት የሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። ቤቱን ያጣ ክለብ በየሳምንቱ የሚጫወትበት ሊግ ፍለጋ ያን ያህል ርቆ ሄደ። ለእኛ ሻምፒዮን ናይሮቢም፣ ካምፓላም፣ ዳሬሰላምም የሁለትና የሦስት ሰዓት በረራ ናቸው። በሚቀጥለው ሐምሌ አንዱ ጋ ደውሎ ሁለት ጨዋታ፣ አንዱን እዚያ አንዱን እዚህ፣ ቢቀጥር ያንን ለማየት ዝናቡን ችዬ አበበ ቢቂላ እገባለሁ።